ድራማ የቀሰቀሰው ጨዋታ

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ መጽሐፉ የሚደርሰው ፊደል ለቆጠረውና ገዝቶ ለማንበብ አቅም ላለው ብቻ ነበር። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ማንበብ የማይችለውም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው፤ የጉዱ ካሣን ሙግት፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ በቃሉ ያዘ። ትረካው መጽሐፉን ከገበያ አላስወጣውም። እንዲያውም ዛሬ ገጹን የሚገልጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ልቦለዱ ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢቢሲ ሲቀርብ ሬዲዮውን ያልደረሰበት ትውልድ በሌላ በር ገባ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቪዲዮ ጌም ለመጻፍ ነው። ነገሩ የተራራቀ ቢመስልም አይደለም። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ሲነሣ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በኤፕሪል 2024 አማዞን «ፎልአውት» የተባለውን ድራማ ስምንቱንም ክፍል በአንድ ጊዜ ለቀቀው። የድራማው መነሻ በ1997 ለኮምፒውተር የተሠራ ጨዋታ ነው። ድራማው በወጣ በሳምንቱ በአውሮፓ የ«ፎልአውት 4» ሽያጭ ከቀደመው ሳምንት ከ7,500 በመቶ በላይ ጨመረ። አስቡት፤ «ፎልአውት 4» የወጣው በ2015 ነው። በጌም ዓለም የዚህን ያህል የቆየ ጨዋታ ጡረታ የወጣ ነው። የጨዋታው ባለቤት ቤቴስዳ በበኩሉ በአንድ ቀን ብቻ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የተለያዩትን የፎልአውት ጨዋታዎች እንደተጫወተ አስታወቀ።

ጨዋታው እዚህ ከመድረሱ በፊት ከአንድም ሁለት ጊዜ ሊሞት ነበር። ቲም ኬን የተባለ አሜሪካዊ በ1994 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ኢንተርፕሌይ ኩባንያ ሥራውን ሲጀምር ብቻውን ነበር። የተነሣበት ሐሳብ ያው ኩባንያ ከሠራውና በ1988 ከወጣው «ዌስትላንድ» የተቀዳ ነው፤ ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የተረፈ ዓለም። በታሪኩ ጦርነቱ የሚፈነዳው በኦክቶበር 23 ቀን 2077 ነው፤ ዘመኑ የወደፊት ይሁን እንጂ መኪናው፣ ሬዲዮው፣ ማስታወቂያው ሁሉ የ1950ዎቹ አሜሪካ ነው። ሰው ከመሬት በታች በተሠሩ መጠለያዎች ተደብቆ ይኖርና የልጅ ልጁ ብቅ ብሎ ፍርስራሹን ያያል። ጨዋታው ወዳጅ አፈራ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1998 ተከተለ። ኬን ግን ሁለተኛው ሳያልቅ ኩባንያውን ለቆ ነበር። ኢንተርፕሌይም ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ሦስተኛ ሊሆን የተጀመረውም ሥራ በ2003 ተቋረጠ።

ቤቴስዳ ሙሉ መብቱን በ2007 የገዛው በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ነው። ማይክሮሶፍት በ2021 የቤቴስዳን እናት ኩባንያ ከነጨዋታዎቹ ሲጠቀልል የከፈለው ደግሞ 7.5 ቢሊዮን ዶላር። የተቸገረ ሻጭ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በቤቴስዳ እጅ ሦስተኛው በ2008 ወጣ፤ በ2010 ኦብሲዲያን የተባለ ኩባንያ «ኒው ቬጋስ»ን ሠራ፤ በ2018 የወጣው «ፎልአውት 76» ግን ሲወጣ በስሕተት የተሞላ ስለነበር የስሙን ክብር ክፉኛ አጎደፈው። ድራማው የመጣው በዚህ ቅሬታ ላይ ነው።

ድራማው የጨዋታዎቹን ታሪክ አልደገመም። ዘመኑን 2296 አድርጎ ሉሲ የምትባል አዲስ ወጣት ከመጠለያው አወጣ። ተመልካቹ ስምንቱን ክፍል ሲጨርስ የጨዋታዎቹ ምስጢር ገና አልተነገረውም። ወጋየሁ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ የሐዲስን ቃል ሳይነካ ከፊደል ወደ ድምፅ አሻገረ። ስለዚህ «ታማኝ ሆኖ መተርጎም ነው ምስጢሩ» የሚሉትን አልቀበልም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሌላ ነው። የሬዲዮው አድማጭ መጽሐፉን ከሻጭ እጅ ያገኘው ነበር፤ የድራማው ተመልካችም ጨዋታውን በዚያው ምሽት በቅናሽ ዋጋ አውርዶ ይጀምረዋል። መመለሻ መንገዱ ክፍት ነበር።

የእኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነገርም እንዲሁ ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ ሲያሰማ፣ ሙዚቃው አዲስ አበባ ውስጥ ከተቀረጸ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በፊልሙ ውስጥ ዊንስተን የሚባለው ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ለጎረቤቱ የአገሩን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ከሲኒማ ቤት የወጣው ተመልካች ያንኑ ዜማ ፈልጎ ሱቅ ቢሄድ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳው የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ አልበም ከ1998 ጀምሮ መደርደሪያው ላይ ነበር። አልበሙ ባይኖር የፊልሙ ጉጉት እዚያው ወንበሩ ላይ በቀረ።

ጌምን ወደ ስክሪን መውሰድ ራሱ አዲስ አይደለም። «ፓክ ማን» በ1982 የአሜሪካ የልጆች ካርቱን ሆኗል። በ1993 የወጣው የ«ሱፐር ማሪዮ» ፊልም ኪሳራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከጌም ፊልም ማውጣት መሳቂያ ሆኖ ቆየ። አመለካከቱን ከቀየሩት አንዱ በዲሴምበር 2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ዘ ዊቸር» ነው፤ በ2015 የተሠራው ሦስተኛው የዊቸር ጌም በዚያ ሰሞን ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ በአንድ ጊዜ ከ100,000 በላይ ተጫዋች አገኘ። አዲስ በነበረበት ጊዜ እንኳ እዚያ አልደረሰም ነበር። እርግጥ ዊቸር ከጌምም በፊት የፖላንዳዊው ሳፕኮቭስኪ መጽሐፍ ነው፤ ድራማው መጽሐፉንም አስነሣ።

እንግዲህ ይህ መመለሻ መንገድ ለእኛ ልጆች ክፍት መሆኑን ለማየት ወደ አዲስ አበባው መስቀል ፍላወር እንሂድ። በሆቴሉ ስም በሚጠራው በዚህ ሰፈር፣ ከካፌዎቹና ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ የፕሌይስቴሽን ቤት አይጠፋም፤ በር ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን። ከዚያ በፊት የነበረው ጆተኒ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ «ቲቪ ጌም» እየተባለ የሚታወቀው፣ ኮንትራና ሱፐር ማሪዮ የሚጫወቱበት ርካሽ መሣሪያ። ከጆተኒ ወደ ፕሌይስቴሽን የተሻገረው ልማድ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ሂሳቡ በጨዋታ ይታሰባል፤ ወረፋ ይጠበቃል፤ ያሸነፈ ጆይስቲኩን አይለቅም።

በዚህ ሥርዓት የሚነግሠው በልማድ «ፊፋ» የሚባለው የእግር ኳስ ጌም ነው። ጨዋታው በደቂቃዎች ያልቃል፤ አሸናፊና ተሸናፊ አለው፤ ቆሞ የሚያየውም ይዝናናል። «ፎልአውት 4»ን ለመጨረስ ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዓታት ይሄዳሉ፤ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ፍርስራሽ ሲበረብር ወረፋ የያዘው ምን ይሁን? ባለቤቱስ ማንን ያስከፍል? ልጆቹ ታሪክ ስለማይወዱ አይደለም። ቤቱ የቆመበት ሂሳብ ረጅም ታሪክን አያስተናግድም። እቤቱ ልጫወት ለሚለውም መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ በ2024 ኢትዮጵያ ሶኒ የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎቱን ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ አልነበረችም። ድራማው ግን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሰፈሩ ውስጥ ሉሲን የሚያውቅ ወጣት ሞልቶ ጨዋታውን የነካ ጥቂት ቢሆን አልደነቅም።

ትናንሾቹ ቤቶች ራሳቸው ብዙ የሚቆዩ አይመስሉም። በ2017 ዓ.ም. ጎረቤቱ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ጥቃቅን ንግድም አብሮ ተነሥቷል። ቤቱ ሳይፈርስ አስቀድሞም የልጁ ጨዋታ ወደ ስልክ እየዞረ ነው።

ስልክ ላይ ደግሞ ሂሳቡ ይለወጣል። ቤቴስዳ በ2015 «ፎልአውት ሼልተር» የሚባል ነፃ የስልክ ጨዋታ አውጥቶ ነበር፤ የመጠለያው አለቃ ሆነህ ክፍል ትቆፍራለህ፣ ነዋሪ ታስገባለህ፣ ውኃና መብራት ታከፋፍላለህ። ድራማው ሲወጣ ይህም አብሮ አንሠራራ። ከዋናዎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ለመስቀል ፍላወሩ ልጅ ግን ካርድም ወረፋም ሳይጠይቅ የሚከፈት በር እሱ ነው። በዚያው ስልክ የዳዊት አብርሃም ጌም ሠሪ ኩባንያ «ቅኔ» የሠራቸው «ገበጣ» እና «ኩኩሉ»ም ይጫናሉ። «ኩኩሉ» ላይ ከገበሬው የምትሸሸው ዶሮ እስካሁን ድራማ የሠራላት የለም፤ ለበዓል ሰሞን ግን ከእሷ የተሻለ ባለታሪክ አላውቅም።