ራጅ ያላየው የወገብ ሕመም



ድንኳን ከሚተክለው፣ መቃብር ከሚቆፍረው፣ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ዳገት ከሚወጣው መካከል «ወገቤን» የማይል ስንቱ ነው? በነቀምቴም በጊምቢም የቡና ጆንያ የሚሸከመው ወጣት፣ እንስራ ያዘለችው እናት፣ ሁሉም ያው ነው። ታዲያ ሰውየው ራጅ ተነሥቶ «አጥንትህ ደህና ነው» ሲባል፣ «ከቀብር ለመቅረት ነው እንጂ ምን ሆኖ» እየተባለ ሲታማ እንሰማለን። ቅጣት ይጣልበት የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ ሥጋና ጅማት በመሣሪያ መታየት እንዴት እንደጀመረ በአጭሩ ልናወሳ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዱሮ ወገብ የወጌሻ ጉዳይ ነበር። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ሲያሽ የተወጠረውን ሥጋ በጣቱ ያገኘዋል፤ ለሌላ ሰው ግን ሊያሳየው አይችልም። በ1895 ጀርመናዊው ሮንትገን ያገኘው ራጅም ቢሆን አጥንትን ነው እንጂ ጡንቻን አጥርቶ አያሳይም።

ጡንቻን የሚያሳየው መሣሪያ የመጣው ከብረት ሥራ ነው ብንል ይገርማችሁ ይሆናል። በ1955 በግላስጎው የወሊድ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ፣ ከሕሙማን በቀዶ ጥገና የወጣ ዕጢ በመኪና ጭነው ወደ አንድ የእንፋሎት ጋን ፋብሪካ ሄዱ። እዚያ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እየላከ በብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። ለማነጻጸሪያ የበሬ ሥጋ ቀረበ (ከዚያ በኋላ ማን እንደበላው አልተጻፈም)። ገደል አፋፍ ቆመን ስንጣራ ድምፃችን እንደሚመለስ ሁሉ፣ የተላከውም ድምፅ ከሥጋው ድንበር ሲመለስ የየራሱ ልዩነት ታየ። በ1958 ከማክቪካርና ከመሐንዲሱ ቶም ብራውን ጋር ሥራውን በሕክምና መጽሔት አወጡት። ዛሬ ነፍሰ ጡሮቻችን የሚታዩበት አልትራሳውንድ ዘሩ ከዚህ ነው።

ወደ ወገብ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1994 አውስትራሊያዊቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጁሊ ሃይድስና ባልደረቦቿ ወገባቸውን በቅርቡ የታመሙ 26 ሰዎችን በአልትራሳውንድ ለኩ። ከአከርካሪው ጎን ያለው ጡንቻ በሚያመው ወገን ኮስሶ ተገኘ። በ1996 ደግሞ 39 ሕሙማንን ተከታተሉ። ሕመሙ ለአብዛኞቹ በአራት ሳምንት ውስጥ ለቀቀ፤ ጡንቻው ግን ተለይቶ የተሰጣቸውን እንቅስቃሴ ካልሠሩት ላይ በራሱ አልተመለሰም። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ሄሌን ላንጅቪንና ባልደረቦቿ 107 ሰዎችን ሲለኩ፣ ሕመሙ በሰነበተባቸው ላይ የወገብ ጡንቻን የሚሸፍነው ስስ ልባስ 25 በመቶ ያህል ወፍሮ አገኙ። ሕመሙ አወፈረው ወይስ ውፍረቱ አሳመመ የሚለውን ልኬቱ አይመልስም።

ለዕድራችን ዳኞች የምንለው ይህ ነው፦ የራጅ ወረቀት ንጹሕ መሆን ሰውየው ለመዋሸቱ ማስረጃ አይሆንም። እናንተም ይህን አንብባችሁ «ወገቤን አልትራሳውንድ አንሡኝ» ብላችሁ ገንዘብ አታፍስሱ፤ ያ ልኬት በአመዛኙ የጥናት ሥራ ነው፤ ሐኪም ዳስሶና አስጎንብሶ የሚያየው ይበልጣል። ወገቡን አሞት እግሩ የዛለ፣ በጭኑ መካከል የደነዘዘው ወይም ሽንት የከለከለው ካለ ግን ነገ ሳይል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።