ሚሊሻው የማን ነው?

የእስራኤልና የሒዝቦላህ ውጊያ በአማርኛ ሲዘገብ ሒዝቦላህ አንዳንዴ «የሊባኖሱ ሚሊሻ» ይባላል። ይህ አጠራር በደቡብ ጎንደር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴን አድማጭ ያደናግራል። እዚያ ሚሊሻ ማለት መንግሥት ያስታጠቀው፣ አርሶ የሚያድር የቀበሌ ጸጥታ ጠባቂ ነው።

ቃሉ በላቲን ውትድርና ማለት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የገነነው ደርግ በ1969 ዓ.ም ገበሬውን በታጠቅ ጦር ሰፈር አሠልጥኖ ወደ ግንባር ሲያዘምት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም የሕወሓት ተዋጊዎች የጋይንቷን ነፋስ መውጫ ሲይዙም የአማራ ሚሊሻ የተሰለፈው ከመከላከያ ጎን ነበር።

ይህን ስም ከመንግሥት ውጭ ለቆመ ኃይል መስጠት ወገንን ከባላጋራ ያምታታል። «ታጣቂ ቡድን» ይሻላል። «ሸማቂ»ም አለ፤ ግን አድፍጦ መውጋትን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሮኬት ለሚያስወነጭፍና የፓርላማ ወንበር ላለው ድርጅት ይጠበዋል።