ዜና አንበሳ አውቶቡስ እስከ ኮልፌ 18 ማዞሪያ

የአዲስ አበባ አውቶቡስ ታሪኩ የሚነሣው ከጦርነት ትራፊ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማቸው በተመለሱ ጊዜ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ካሚዮንና ማሽን በየቦታው ቆሞ ነበር። እንግሊዞች ከዚህ ንብረት ከፊሉን የጦር ምርኮ ነው ብለው ከአገር አወጡት፤ ከተማይቱም በቀረው ተዳደረች። በ1930ዎቹ አጋማሽ የሥራ ሚኒስቴር ከተረፈው ተሽከርካሪ ጥቂቱን አስጠግኖ ሕዝብ ማመላለስ ጀመረ። ጅማሬውም ይኸው ነው፤ ለተሳፋሪ ተብሎ ያልተሠራ መኪና ተሳፋሪ ጫነ።

በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የሚነዳው በግራ ነበረ። ይህም እስከ 1956 ዓ.ም. ቆይቶ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተለወጠ። መንገድ ጎኑን ሲለውጥ ከሁሉ አብልጦ የሚቸገረው አውቶቡስ ነው፤ የቤት መኪና መሪው በየትኛውም ወገን ቢሆን እንደ ምንም ይሄዳል፣ አውቶቡስ ግን በሩ ከእግረኛው በተቃራኒ ከሆነ ተሳፋሪውን የሚያወርደው በመኪና መካከል ነው። ስለዚህ በግራ ለሚነዳ ተብሎ እንግሊዝ አገር የተሠራ አውቶቡስ ሩቅ አገር ሄዶ እንደ አገሩ ያገለገለው የግራ አነዳድ በጸናበት ምድር ነው። ለዚህ አውስትራሊያን የሚያህል ምስክር የለም። ሲድኒ በየካቲት 1953 ዓ.ም. የመጨረሻ ትራሟን ባቆመች ጊዜ ሸክሙ በሌይላንድና በኤኢሲ አውቶቡሶች ላይ ወደቀ፤ ባለ ሁለት ፎቆቹም እስከ 1978 ዓ.ም. ሠሩ። ዛሬ ከእነርሱ የተረፉት በላይካርት፣ በቀድሞው የትራም ጋራዥ ውስጥ፣ ቀለማቸው ታድሶ በሙዚየም ይታያሉ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ እንዲህ ያለ ጡረታ አልወጣለትም። ለእርሱ የቀረለት መታሰቢያ ሌላ ነው፣ ወደ ኋላ ይነገራል።

በ1944 ዓ.ም. ሥራው ከሚኒስቴሩ እጅ ወጥቶ ለአክሲዮን ማኅበር ተሰጠ። በባለ አክሲዮኖቹም ውስጥ ንጉሣውያን ቤተ ሰቦች ነበሩበት። አንበሳ የዘውዱ ምልክት ነውና በአውቶቡሱም ላይ ወጣ፤ ሕዝቡም ድርጅቱን በዚሁ ስም ጠራው። ቀለሙ ቀይና ቢጫ ሆነ። መቆሚያው ከጣሊያንኛ በቀረ ቃል ፌርማታ ተባለ፤ ዋና መነሻዎቹም መርካቶ፣ ለገሀርና ምኒልክ አደባባይ ሆኑ። መስመሮቹ በቁጥር ተለዩ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሰፈር ስም ከማንበብ ቁጥር መለየት ይቀላልና ይህ ብልሃት ከማንም ማስታወቂያ በላይ ሠራ፤ ሰው «በስንት ቁጥር ትሄጃለሽ?» ብሎ መጠየቅ ለመደ።

ወደ ምዕራብ ያለው ወገን በዚያን ጊዜ የከተማ ጠርዝ ነበረ። ጣሊያን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር መርካቶ ተወለደች፤ መርካቶም ከተማውን ወደ ራሷ ሳበች። ከአውቶቡስ ተራ አልፎ ያለው ኮልፌ የባሕር ዛፍ፣ የእርሻና የሰፈረ ወታደር አገር ነበረ። የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ በዚያ ስለ ነበረ በ1954 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ትምህርት ሊማሩ የመጡት ወደዚሁ ወደ ኮልፌ ነው። የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ ከጊዜ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪክ የኮልፌን ትምህርት አንሥተዋል፤ ዳገቱ በእግር ጉዞ ለሚፈተን ሰው ያኔም ቀላል አልነበረም። ከማሠልጠኛው ብዙም ሳይርቅ በእንግሊዛዊው የጦር መኮንን በኦርድ ዊንጌት ስም የተሰየመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አለ፤ እንግሊዝ ለዚህ ወገን የተወችው ስም ይኸኛው ነው።

እንዲህ ባለ ጠርዝ ላይ የሚደርስ አውቶቡስ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ መዞሪያ። 12 ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ ወደ ኋላ ሳይል በአንድ ጊዜ ለመዞር 25 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሜዳ ሲያገኝ ሾፌሩ ይደላዋል። ስለዚህ የመስመር መጨረሻ የሚሆነው ከፍ ያለ ቤት ያለበት ሳይሆን መሬቱ የተዘረጋበት ቦታ ነው። አውቶቡሱ እዚያ ደርሶ ሞተሩን ያጠፋል፤ ሾፌርና ትኬት ቆራጭ ወርደው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሰዓት ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል። ሻዩን የምታፈላ ሴት ትመጣለች፣ ቀጥሎ ሱቅ፣ ቀጥሎ ጠላ ቤት፣ ቀጥሎ ተከራይ። 18 ቁጥር ይዞርበት የነበረው የኮልፌ ሜዳ በዚህ አኳኋን 18 ማዞሪያ ተባለ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ 22 ቁጥር የዞረበት ሰፈር 22 ማዞሪያ ሆነ። ከተማይቱ ለሰፈሮቿ ስም ስትሰጥ ራስና ደጃዝማች ታስቀድም ነበር፤ ከዚያ ጣሊያን ፒያሳና ካዛንቺስ አለ፤ አውቶቡስ ግን ማንንም ሳያወድስ ቁጥር ብቻ ጽፎ ሄደ።

ከዚህም በኋላ 1966 ዓ.ም. ገባ። በዓለም የነዳጅ ዋጋ ንሮ በኢትዮጵያም ቤንዚን በ50 በመቶ ተጨመረበት። በየካቲት ወር ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፣ አስተማሪዎችም አድማ መቱ፤ ወጣቶች በጎዳና ወጥተው በአውቶቡስና በቤት መኪና ላይ ድንጋይ ወረወሩ። የአንበሳ መስታወት የተሰበረው ስለ ታሪፍ ብቻ አልነበረም፤ ባለ ቤቶቹ እነማን እንደ ሆኑ ሁሉም ያውቅ ነበርና። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ጥቂት ዝቅ አደረገ፣ ነገሩ ግን ከቤንዚን አልፎ ነበር። አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም. መባቻ ዘውዱ ወረደ። አውቶቡሱም የመንግሥት ሆነ፣ ከአገር አቋራጩ ጋር ተጣምሮም በሕዝብ ማመላለሻ ኮርፖሬሽን ሥር ተጠቃለለ። ዙፋኑ ወድቆ አንበሳው ከአውቶቡሱ ጎን አልወረደም። ሥልጣን የያዘው ደርግ ብዙ ስም ሲለውጥ ይህን መተዉ፣ ምናልባት በሕዝብ አፍ የገባን ስም ማስለቀቅ እንደማይቻል በማወቁ ይሆናል።

በደርግ ዘመን አንበሳ የሠራተኛው፣ የተማሪውና የገበያተኛው ሆነ። ተፎካካሪዎቹ ሴይቼንቶ የሚባሉት ትንንሽ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎችና ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጥጠው የሚያስቀምጡት ውይይቶች ነበሩ፤ ውይይት ስሙን ያገኘው ቀበሌው ሁሉ ስብሰባ በነበረበት ጊዜ ነው። ከመርካቶ ወደ ኮልፌ የምትመለስ ሴት ግን ዘንቢሏንና የእህል ከረጢቷን ይዛ ታክሲ ፊት ብትቆም ለዕቃው ሌላ ሰው ያህል ትከፍላለች፤ ስለዚህ አንበሳን ትጠብቃለች። መጠበቁ ረጅም ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል፤ በኋላ በር ይገባል፣ ትኬት ቆራጩ በተከለለች መቀመጫው ሆኖ ሳንቲም ይቀበላል፣ ቀጭን ወረቀት ይቀድዳል፣ «ወደ ፊት ጠጋ! ጠጋ በሉ!» ይላል። አንዱ አውቶቡስ 30 ሰው ተቀምጦ 70 ሰው ቆሞ እንዲይዝ የታሰበ ነው፤ ጠዋትና ማታ ግን ይህን ልክ የሚቆጥርለት የለም። ኪስ አውላቂውም ይህንኑ ሰዓት ይመርጣል። በመካከል ኮንትሮል ይገባል፤ ትኬቱን የጣለ ሰው በዚያች ደቂቃ ኪሱን ሁሉ ይፈትሻል። ለሠራተኛና ለተማሪ የወር ትኬት ስለ ነበረ ኪሱ የሳሳም ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ አይቸገርም።

የአውቶቡሱ ዓይነት በየዘመኑ ተለዋወጠ። ብዙ ዓመት ከተማውን የተሸከሙት መርሰዲስና ዳፍ ናቸው፤ በተለይ ዳፍ ለረጅም ጊዜ የአንበሳ መልክ ሆኖ ቆየ። የኮልፌን ዳገት ሲወጣ ከኋላው የሚተወው ጥቁር ጭስና ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው ጩኸት ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ብልሽቱ የሚበዛው መለዋወጫ ሲያጥር ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፍሬን ሸራ ለአንድ አውቶቡስ ካልደረሰ ያ አውቶቡስ በጋራዥ ተኝቶ ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል። ጥቂት ጥቂት እየተፈታ ያለቀ ብረት መጨረሻው ጨረታ ነው፣ ከጨረታ በኋላም የመርካቶው የምናለሽ ተራ መዶሻ። ከሲድኒው ሙዚየም ጋር የሚያለያየው ይህ ነው፤ እዚያ ያረጀውን ያስቀምጡታል፣ እዚህ ያረጀው ምጣድና ምድጃ ይሆናል።

በ1986 ዓ.ም. የከተማው አውቶቡስ ከአገር አቋራጩ ተለይቶ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። ጋራዦቹ የካ፣ መካኒሳና ሸጎሌ ነበሩ፤ ሸጎሌ ለኮልፌ ቅርቡ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 500 አውቶቡስ ከቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ እንዲገዛ ታዝዞ አገር ውስጥ የተገጣጠመው ተሽከርካሪ ወደ ጎዳና ወጣ። ሰውም የፋብሪካውን ከተማ ስም ለአውቶቡሱ ሰጥቶ «ቢሾፍቱ» አለው። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ እንኳ፣ ሲድኒ ከተሰናበተችው ዓይነት ጋር በቅርጽ የሚዛመድ፣ በ2000ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ ታየ፤ ሥሪቱ ግን ከእንግሊዝ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሸገር የተባለው ሌላ ድርጅት በዚያው ወራት ተጨመረ፤ ኋላም ከአንበሳ ጋር በአንድ ተጠቃለለ።

የ18 ማዞሪያም መልክ ከዘመኑ ጋር ሄደ። የቀለበት መንገድ ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት ሲያልፍ ሰፈሩን ቆርጦት ሄደ፤ ሜዳ የነበረው አጥር ያለው ጎዳና ሆነ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር የምሥራቅ ምዕራቡ ሐዲድ ጦር ኃይሎች ላይ ቆመ፤ ኮልፌ አልደረሰም። ስለዚህ የዚህ ወገን ሰው ከባቡር ወርዶ ዛሬም ሚኒባስ፣ ቅጥቅጥ ወይም አውቶቡስ ይይዛል። አውቶቡሱ በየትኛውም ቁጥር ቢመጣ፣ ወደየትኛውም ሰፈር ቢያልፍ፣ በጦር ኃይሎች ፌርማታ አንገቱን በመስኮት ያወጣ ረዳት የሚጣራው «አሥራ ስምንት! አሥራ ስምንት!» ብሎ ነው።