የፈንገስ ፍንጭ ምርመራ፦ ሕመሙ ሳይሰማ ደም የሚናገረው

ፈንገስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ቆረቆርን፣ ጭርትን ወይም የሰነበተ እንጀራ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ነው። ያሳክካል፣ ያሳፍራል፣ አይገድልም እንላለን። ሐኪሞች «ወራሪ የፈንገስ በሽታ» የሚሉት ግን ሌላ ነው። ይህኛው በሳንባ ወይም በአንጀት በኩል ወደ ደም ይሻገርና አንጎልን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንን ይይዛል። ጤነኛ ሰው የፈንገስ ዘር በየቀኑ ከአየር ጋር እየሳበ ምንም አይሆንም። የሚጠቃው የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ነው፦ ኤች አይ ቪ ሰውነቱን የጎዳው፣ ለደም ካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስድ፣ ኩላሊት የተተከለለት፣ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ።

ይህን በሽታ ከደም የሚለይ ምርመራ አለ፤ የአማርኛ ስሙ ግን ገና አልረጋም። በሕክምናው ሰፈር በብዛት የሚነሳው አንዱ ዓይነት «ክራግ» ይባላል፤ የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ማለት ነው። እኔ ለመላው የምርመራ ቤተሰብ «የፈንገስ ፍንጭ ምርመራ» የሚለውን እመርጣለሁ። ፍቺው፦ ከፈንገሱ ገላ ተልጦ ወይም ተራግፎ ወደ ደም የገባን ቁስ የሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ። የሚገኘው ነገር ፈንገሱ ራሱ አይደለም፤ የሕመምተኛው ሰውነት ያዘጋጀው ፀረ አካልም አይደለም። ይህ ሁለተኛው ልዩነት ትልቅ ነው። መከላከያው የተዳከመ ሰው ፀረ አካል በበቂ ሁኔታ ላያመርት ስለሚችል እሱን ፈልጎ ማጣት «በሽታ የለም» ማለት አይሆንም። ፈንገሱ የሚያራግፈው ቁስ ግን የሕመምተኛውን አቅም አይጠብቅም፤ እንዲያውም ሰውነቱ በደከመ ቁጥር ይበዛል።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይህ ነገር ከማንም በላይ የሚመለከተው ከካዛንቺስ ብዙም የማይርቀው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። በአገራችን የኤች አይ ቪ ሕክምና ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳ ተቋማት አንዱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2005 ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ወደ ሕክምና የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ እጅግ ዘግይቶ፣ ከስቶና ተዳክሞ ነበር። ዛሬ የዚያን ያህል ባይሆንም ዘግይቶ የሚመጣ አለ፤ ጀምሮ አቋርጦ የሚመለስም አለ። ክሪፕቶኮከስ የሚጠብቀው እነዚህን ሰዎች ነው።

ክሪፕቶኮከስ በአፈር ውስጥ፣ በተለይ የርግብና የሌሎች ወፎች ኩስ በተከማቸበት ስፍራ ይኖራል። ሰው ከአቧራ ጋር ይስበዋል፤ ሳንባ ውስጥ ተዳፍኖ ይቆያል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያው ሲወድቅ በደም አድርጎ ወደ አንጎል ሽፋን ይዘልቅና ማጅራት ገትር ያስከትላል። ማጅራት ገትር የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ በድንገት ወርሮ ሰፈር የሚያዳርሰውን ወረርሽኝ ያስታውሳል። የፈንገሱ ማጅራት ገትር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ለሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት ራስ ምታት፣ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ብዥ የሚል ዓይን፣ ማስመለስ። ድካም ነው፣ ሳይነስ ነው፣ ወባ ነው እየተባለ በማስታገሻ ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 112,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሞቱ ይገመታል፤ ከኤድስ ጋር በተያያዘ ከሞቱት ከአምስት አንዱ ገደማ ማለት ነው። አብዛኞቹ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ይኖሩ የነበሩ ናቸው።

ፈንገሱ በወፍራም የስኳር ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሽፋኑን ሲያራግፍ ቁሱ ደም ውስጥ ይገባል፤ የመጀመሪያው ራስ ምታት ከመሰማቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አስቀድሞ። የክራግ ምርመራ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው፦ ሞት የሚያስከትለው ደረጃ ገና ሳይደርስ የማከሚያ ጊዜ ይሰጣል።

አሠራሩ ለሆስፒታል ላቦራቶሪ ቀላል ነው። ከሕመምተኛው ደም የተለየው ሴረም ወይም ፕላዝማ ከአንድ ጠብታ ማቅጠኛ ጋር ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይደባለቃል፤ ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ይነከርበታል፤ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ሁለት መስመር ከወጣ ፍንጩ አለ፤ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ የለም። አንዱ መስመር ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ ስለሆነ እሱ ካልወጣ ውጤቱ አይቆጠርም። ማቀዝቀዣም ውድ ማሽንም አይፈልግም። ይህ የወረቀት ዓይነት በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት መከላከያቸው በጣም የወረደ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች እንዲመረመሩ መከረ። እ.ኤ.አ. በ2018ቱ መመሪያው ደግሞ የሲዲ ፎር (የመከላከያ ሴሎች) ቁጥራቸው ከ100 በታች የሆኑት ሁሉ እንዲመረመሩ፣ እስከ 200 ላሉትም እንዲታሰብበት አለ።

ውጤቱ ፍንጭ ካሳየ ቀጣዩ ጥያቄ ፈንገሱ አንጎል ደርሷል ወይ የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው በተለምዶ «የጀርባ ውሃ መቅዳት» በምንለው ምርመራ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሽባ ያደርጋል ብሎ ይፈራዋል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ግን መርፌው የሚገባው የሕብለ ሰረሰር ዋና ግንድ ካለቀበት በታች ነው። ፈሳሹ ንጹሕ ከሆነ ፍሉኮናዞል በከፍተኛ መጠን ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ዝቅ ባለ መጠን ለ8 ሳምንት፣ ከዚያም በጥበቃ መጠን ይቀጥላል። ፈንገሱ አንጎል ደርሶ ከሆነ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ወዲያው አይጀመርም፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይዘገያል። በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ቶሎ የጀመሩት የበለጠ እንደሞቱ አሳይቷል፤ የተነቃቃው መከላከያ አንጎል ውስጥ ካለው ፈንገስ ጋር ሲጋጭ እብጠቱ ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ምርመራ የሚለየው በሽታውን ብቻ አይደለም፤ ሌላው መድኃኒት መቼ ይጀመር የሚለውንም ነው።

ጥቅሙ በተግባር ተፈትኗል። በዳሬ ሰላምና በሉሳካ ወደ 2,000 በሚጠጉ ዘግይተው የመጡ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ የክራግ ምርመራ የተደረገላቸውና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤታቸው ድረስ የተጎበኙት ሰዎች ሞት ከመቶ በ28 ቀንሶ አገኘ። ምርመራውና የቤት ጉብኝቱ አብረው ነበሩ፤ ወረቀቱን ብቻ መዘርጋት ያንን ውጤት ያመጣል ብዬ አላምንም። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ፍንጩን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ባልጀመሩት ብቻ ሳይሆን በመውሰድ ላይ ባሉት ደም ውስጥም አግኝቷል።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ሲዲ ፎር ነው። የኤች አይ ቪ ሕክምና ለሁሉም ወዲያው እንዲጀመር ከተወሰነ በኋላ ትኩረቱ ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ወደሚለካው ቫይራል ሎድ ዞሯል። ቫይራል ሎድ መድኃኒቱ መሥራቱን ይነግራል፤ መከላከያው ምን ያህል እንደወረደ አይነግርም። ሲዲ ፎር ካልታየ ደግሞ የፍንጭ ምርመራ የሚያስፈልገው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አዲስ ጀማሪና አቋርጦ የተመለሰ ሰው «ሲዲ ፎሬ ስንት ነው?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ከክራግ ሌላ ሁለት ፍንጮች በስም ሊታወቁ ይገባል። አንዱ ጋላክቶማናን ነው፤ አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ሲያድግ ከግድግዳው የሚለቀው ስኳር። በኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴሎቹ ላለቁበት የሉኪሚያ ሕመምተኛ ይጠቅማል። ሌላው ቤታ ዲ ግሉካን ነው፤ የብዙ ፈንገሶች ግድግዳ የጋራ ቁስ በመሆኑ ፈንገስ መኖሩን ይጠቁማል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ክሪፕቶኮከስን ለመያዝ አይታመንበትም፤ በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚበረታውን ሙኮር የተባለውን ፈንገስም ያልፈዋል። ቁስል ላይ የዋለ ጎዝ ወይም የኩላሊት እጥበት ማጣሪያም በሐሰት ሊያስነሳው ይችላል። ስለዚህ ዋና ጥቅሙ «የለም» ሲል ነው። እነዚህ ሁለቱ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ስለሚፈልጉ እንደ ክራጉ ወረቀት በየሆስፒታሉ የሚዘረጉ አይደሉም።

«የደም ካልቸር አይበቃም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ካልቸር ፈንገሱን ራሱን ስለሚያሳድግና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ስለሚያሳይ አይተውም። ነገር ግን ቀናት ይወስዳል፤ በጥልቅ አካል የተደበቀ ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ካለባቸው ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉንም ይስታል። ያለ ጊዜው ከተወለደ ጨቅላ የሚቀዳው ደም ደግሞ ጥቂት ነው፤ ያን ያህል ደም ይዞ ካንዲዳን ማግኘት ከባድ ነው።

ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ሰው አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 ለመልሶ ማልማት ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ቤት ሲርቅ ክትትል ይርቃል፤ ክትትል ሲርቅ መድኃኒት ይቋረጣል። የሕክምና ቦታ የሚቀይር ሰው በዝውውር ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው የሲዲ ፎር ቁጥሩና የክራግ ውጤቱ ከነቀኑ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ፍንጩ ከታከመ በኋላም ለወራት ደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ የቀደመውን ታሪክ የማያውቅ አዲስ ሐኪም ሁለቱን መስመሮች ሲያይ በሽታው እንደ አዲስ የተነሳ ሊመስለው ይችላል፤ የተወሰደው መድኃኒት መጠንና የጀርባ ውሃው ውጤት አብረው ከተጻፉ ግን ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል።