ዛፉ ያረፈበት ዓመት

አጋሮ ላይ የቡና ማሳ በኮንትራት ሊይዝ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፍሬውን ሳይሆን ቅርንጫፉን ነው። ቡና የሚያፈራው አምና ባደገው እንጨት ላይ ነው፤ ዘንድሮ ፍሬ የከበደው ዛፍ አዲስ ቀንበጥ ለማውጣት አቅም ያጥረውና በሚመጣው ዓመት ያርፋል። ስለዚህ ሰውየው "አምና ስንት ፈረሱላ ሰጠ? ካቻምናስ?" ይላል። የአክሲዮንን ዋጋ ለዓመት ትርፉ አካፍለን የምናገኘው የዋጋና የትርፍ ንጽጽርም ያለዚህ ጥያቄ ያሳስታል።

ጅማ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በሂርማታ የሐሙስ ገበያ፣ በማርትሬዛ ብር ስትገበያይ አክሲዮን የሚባል ነገር አልነበረም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ግብይት ተጀመረ፤ የወንጂን ስኳር ያመርት የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. ድርሻም ይሸጥ ይለወጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ባንኮች፣ ጥር ላይ ፋብሪካዎች፣ የካቲት ላይ የገጠር መሬት ተወረሱ፤ ገበያውም ተዘጋ። ከ1986 በኋላ የግል ባንኮች ሲቋቋሙ የቡና ነጋዴውም አክሲዮን ገዛ፤ የሚጠይቀው ግን "ዘንድሮ ስንት ከፈለ?" ብቻ ነበር። ይሸጥበት የነበረው ዋጋ የተጻፈበት ዋጋ ስለሆነ የሚያነጻጽረው አልነበረውም።

ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም የድርጅቱን 10 በመቶ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቀረበ። ጥር 2 ቀን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ተመዘገበ። የ300 ብር አክሲዮን በዓመት 20 ብር ቢያተርፍ ንጽጽሩ 15 ነው፤ 30 ብር ቢያተርፍ 10። ያ 30 ብር በየዓመቱ የሚገኝ ነው ወይስ የአንድ ወቅት? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተጻፈ ትርፍ ሁሉ ይህ ጥያቄ ሊነሳበት ይገባል።

ቡና ላይ ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው፤ በ1977 የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ3 ዶላር አለፈ። በ1989 ለቡና ላኪ አገሮች ድርሻ ይመድብ የነበረው ዓለም አቀፍ የኮታ ስምምነት ፈረሰ፤ በ2001 ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ፤ ጅማ ዙሪያ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ነበር። የካቲት 2025 ላይ ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በእንዲህ ያለ የጥጋብ ዓመት የቡና ኩባንያ ትርፉ ያብጥና ንጽጽሩ ትንሽ ይሆናል፤ አክሲዮኑ ርካሽ ይመስላል፤ ገዢ የሚጎዳውም ያኔ ነው። በድቀቱ ዓመት ትርፉ ስለሚመነምን ቁጥሩ ያሻቅባል፤ ውድ ይመስላል። ኪሳራ ከመጣማ ስሌቱ ራሱ ትርጉም ያጣል። የአክሲዮን ትንታኔ ጸሐፊዎቹ ግራሃምና ዶድ በ1934 የበርካታ ዓመታት አማካይ ትርፍ ይወሰድ ያሉት፣ በኋላም የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሮበርት ሺለር የዋጋ ንረትን ቀንሶ የ10 ዓመት አማካይ የወሰደው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ከሊሙ ወይም ከጌራ የቡና ኩባንያ አክሲዮን ይዞ ቢመጣ፣ የሒሳብ መዝገቡን ማንበብ የምጀምረው ዋጋ ከወደቀበት ዓመት ነው።