የሠፈር ደጃፍና የፎቅ ቤት

የከተማ ታሪክ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ አንደኛው የሚሠራው ቤት ነው፤ ሁለተኛው በቤትና በቤት መካከል ያለው ስፍራ ነው። ስለ ቤቱ የሚናገር ብዙ ነው፤ ስለ መካከሉ ስፍራ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ የሚተዋወቀው፥ ልጁን ሲድር ዳስ የሚጥለው፥ ሰው ሲሞትበትም ድንኳን ተክሎ ልቅሶ የሚቀመጠው በዚሁ ስፍራ ነው። በምሥራቅ ጎጃም እንደ አምበር፥ እንደ ብቸና፥ እንደ ሞጣ ባሉት ከተሞች የብዙው ቤት በር ወደ መንገድ የተከፈተ ስለ ሆነ መንገደኛ ሰላምታ ሳይቀበል፥ ኀዘንተኛም ሳይጽናና አይውልም። በአዲስ አበባ ግን ይህ ስፍራ ባለፉት 20 ዓመታት እጅግ ተለውጧል። ለውጡ ምን እንዳመጣ ለማወቅም ሠፈሩ አስቀድሞ እንዴት እንደ ቆመ መመልከት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አሠፋፈሯ እንደ ጦር ሠፈር ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ሲወርዱ ግቢው በመካከል ሆነ፤ መኳንንቱም በየኮረብታው ቦታ ተቀበሉ፤ ሎሌዎቻቸውም ጌቶቻቸውን ከበው ተቀመጡ። የከተማው ክፍል እስከ ዛሬ ሠፈር መባሉ ስለዚህ ነው። ስሙም ደጃች ውቤ ሠፈር፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሠፈር እየተባለ በጌታው፥ ሠራተኛ ሠፈር እንደሚባለውም በነዋሪው ሥራ ይጠራ ነበር። ባለጸጋውና ድኃው ተጎራብተው ይኖሩ ስለ ነበር አንዱ የሌላውን ጓዳ ያውቅ ነበር።

ወደ ከተማው የመጣው ሰው ግን ከጎጃምም ከመንዝም ከጉራጌም ቢሆን ዘመዱን በአገሩ ትቶ የመጣ ነው፤ ቢሞት የሚቀብረው ወገን በቅርብ አልነበረውም። ዕድር የተባለው ማኅበር በከተማ የተስፋፋው በዚህ ችግር ምክንያት ነው። እንግዳ ከእንግዳ ጋራ ተማምሎ የመቃብር ወንድማማች ሆነ። እንግዲህ የሠፈር ፍቅር ከጭቃው ግድግዳ የተገኘ ሳይሆን፥ የማይተዋወቁ ሰዎች በደጃፋቸው እየተገናኙ በድካም የሠሩት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል።

ከዚህ በኋላ በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ርካሽ ስለ ነበር ድኃው በከተማው መካከል ለመኖር ቻለ፤ ነገር ግን ቤቱን የሚያድስ ሳይገኝ ቀረ። ጣራው ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃውም ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ ነበር። ስለዚህ የቀድሞውን ሠፈር የሚያመሰግን ሰው ይህን ጕስቍልና ሊሸሽግ አይገባውም።

የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቍጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፥ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የሙከራ ሥራ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በጀሞ፥ በየካ አባዶ፥ በቱሉ ዲምቱና በሌላውም ስፍራ ብዙ ሕንጻ ቆመ። ብዙዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። ቤቱም በዕጣ ይታደላል፤ በ20/80 ደንብ ዕጣ የደረሰው ሰው ከዋጋው ከመቶ 20ውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን ከባንክ ተበድሮ በየወሩ ይመልሳል።

ይህ ሥራ ለብዙ ቤተ ሰብ የራሱን ውኃ፥ የራሱን መጸዳጃና የባለቤትነት ክብር ሰጥቷል፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን በደጃፏ ጉሊት ዘርግታ ወይም እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ታሳድግ የነበረችው ሴት በአራተኛው ፎቅ ላይ ደንበኛ አላገኘችም። ወርኃዊውን ዕዳ መክፈል ያቃተውም ቤቱን አከራይቶ ወደ ዳር ወጣ። ተከራይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ጎረቤትነት ሥር ሳይሰድ ይነቀላል። ቀድሞ የንስሐ አባት መስቀሉን ይዞ ወደ ሠፈር በገባ ጊዜ በአንዱ ቤት የተሰማው ድምፅ ሌላውን ቤት ያስከፍት ነበር፤ ዛሬ ግን በተዘጉ በሮች መካከል ደረጃ ይወጣል። ሽማግሌዎች ከፎቅ ወርዶ መመለስ ስለሚከብዳቸው ከቅዳሴ ይቀራሉ። ሞት በመጣ ጊዜም ሬሳው በጠባብ ደረጃ በጭንቅ ይወርዳል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት በፈረሱ ጊዜ ችግሩ ለቤተ ክርስቲያንም የቀረበ ሆነ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ፤ ዕድሩም ሰንበቴውም የጽዋ ማኅበሩም ተበተነ። ቤተ ክርስቲያን ግን በስፍራዋ ቆማለች። ምእመን የሌለው አጥቢያ፥ አጥቢያ የሌለው ምእመን ሁለቱም የተጎዱ ናቸው።

ሰዎችን በፎቅ ላይ በፎቅ ማኖር በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ጌታችን በተወለደበት ዘመን የነበረው አውግስጦስ ቄሣር በሮሜ የሚከራዩት ቤቶች ቁመታቸው ከ70 ጫማ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። በእነዚያ ቤቶች በታችኛው ክፍል ሱቆች ወደ መንገድ ተከፍተው ይውሉ ስለ ነበር የላይኛው ነዋሪ በታች ካለው ሰው አልተለየም። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ግን ፕሩዊት አይጎ የተባሉት ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንጻዎች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ተሠርተው፥ ከ1972 ጀምሮ መንግሥት ራሱ አፈረሳቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የማደሻ ገንዘብ ጠፋ፥ ነዋሪውም እየለቀቀ ሄደ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የጋራው መተላለፊያ ጠባቂ ማጣቱ ነው። የሁሉ የሆነው ስፍራ የማንም ያልሆነ መሰለ።

በአገራችን የተሠሩትን ሕንጻዎች የሚያድናቸው ነገር በስማቸው ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም የጋራ መባላቸው ነው። አዋጁ ደረጃውን፥ መተላለፊያውንና ግቢውን የባለቤቶች ሁሉ ሀብት አድርጎ፥ የሚጠብቀውም የራሳቸው ማኅበር እንዲሆን ደንግጓል። በብዙው ስፍራም በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት በሕንጻዎቹ መካከል ተሠርቷል። ይህ ቤት ለሥራው በዋለበት፥ ግቢውም በመኪና ማቆሚያ ባልተያዘበት ስፍራ ነዋሪዎቹ ዕድር አቁመዋል፤ ድንኳኑም በሕንጻዎቹ መካከል ይተከላል፤ የመስቀል ደመራም ይበራል። እንግዳ ከእንግዳ ጋራ የተማማለበት የቀድሞው ሥራ እንደ ገና ተጀምሯል ማለት ነው። ግቢው በታጠረበት ወይም በተሸጠበት ግን ኀዘንተኛው አልቃሹን በአንዲት ክፍል ይቀበላል፤ የሚበዛውም ሰው በደረጃው ላይ ቆሞ ይመለሳል።

የሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዘዘው ሌላው ሰው ወድቆ እንዳይሞት ነው። ቤት የሚሠራ ሁሉ ስለ ጎረቤቱም እንዲያስብ ግዴታ እንዳለበት ከዚህ ይታወቃል። ዛሬ ዝቅ ብለው በመንገድ ዳር የተሠሩት ትንንሽ ከተሞችም ነገ ወደ ላይ ማደጋቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ መሐንዲሱ ስንት ክፍል እንደሚወጣው ሲቈጥር፥ ካህናቱና የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ የልቅሶው ድንኳን የት እንደሚተከል አስቀድመው ይጠይቁ። ቤቱ ቢፈርስ በሁለትና በሦስት ዓመት ይሠራል፤ የተበተነ ዕድር ግን የሚሰበሰበው በአንድ ትውልድ ድካም ነው።