«ተጠባባቂ» ሌላ፣ «ጊዜያዊ» ሌላ፦ ከአየር መንገዳችን የድሮ ውል የተማርኩት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለፉበት ማተሚያ ቤት አላቸው። አሁን በድንገት ታመው አልጋ ላይ ናቸው፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ቼክ የሚፈርም የለም። ወረቀት አቅራቢው ገንዘቤን እያለ ነው። ሁለቱ ወንድሞቿ ደግሞ ወንበሩ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። «ጋሼ፣ ለጊዜው የሚመራልን ሰው ከውጭ እንቅጠር ወይስ ታላቅ ወንድሜን ተጠባባቂ እናድርገው?» አለችኝ። (ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው። እሷን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ።)

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የንግድ አማካሪ አይደለሁም። ስለዚህ «ልጄ፣ ሁለት ቀን ስጪኝ» አልኳትና ወደማውቀው ነገር ሄድኩ። የማውቀው ደግሞ አንድ ትልቅ ድርጅት፣ እሱም የራሳችን፣ ገና ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በተውሶ ሥራ አስኪያጅ መመራቱን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ማለቴ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።)

ጣልያን በ1941 ሲባረር አገሪቱ ምን ይዛ እንደቀረች አስቡት። ከጦርነቱ በፊት ውጭ ተልከው ከተማሩት ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹ በ1937ቱ የግራዚያኒ ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት አልቀዋል። እንግሊዞች ነፃ ለማውጣት አግዘው የመጡ ቢሆኑም እጃቸው በአስተዳደሩም በገንዘቡም ላይ ረዝሞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ወዳጅ ፈለጉ። በየካቲት 1945 ግብፅ ድረስ ሄደው ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ መንግሥት ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተፈራረመ። በታኅሣሥ ኩባንያው ተቋቋመ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን በአሥመራ አድርጎ ካይሮ ገባ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 የጭነት አውሮፕላኖች አሉ። ሰማይ አለ። የሚበር፣ የሚጠግን፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ ትኬት የሚሸጥ የአገር ሰው ግን የለም። በአምስት ዓመት አስተምረን እንጀምር ቢባል ዓለም አይጠብቅም፤ ከጦርነቱ በኋላ ሁሉም የበረራ መስመሩን እየያዘ ነው። ስለዚህ ሰው ከነሙያው ተዋሱ። ፓይለቱም፣ ቴክኒሻኑም፣ ሒሳብ ሹሙም፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ሆነ።

ግን አንድ ነገር አልተዋሱም። ባለቤትነቱን። የመነሻ ካፒታሉ 2.5 ሚሊዮን ብር ሲሆን አክሲዮኑ በሙሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሥራና መገናኛ ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ታፈሰ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ ይወስናል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ግን አይምታታም።

ቲ.ደብልዩ.ኤ.ም ለጽድቅ አልመጣም፣ እንዳትሳሳቱ። በ1946 እሱ ራሱ ከአሜሪካ እስከ ካይሮ መብረር ጀምሯል፤ ከአዲስ አበባ ካይሮ የሚገባ መንገደኛ ለእሱም ገበያ ነው። ይሄ ክፋት የለውም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚጠቀም ግልጽ ከሆነ አብሮ መሥራት ይቀላል።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወንበሩ ደረጃ በደረጃ ነው የተላለፈው። በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1966 ውሉ ተሻሽሎ ኢትዮጵያዊ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ልብ በሉ፣ ምክትሉ ወንበር ለማሞቅ አልተሾመም፤ ዋናው ሲሄድ የሚረከብ ሰው ይሁን ተብሎ ነው። በ1971፣ በ25ኛው ዓመት፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። አሜሪካኖቹ ከአዛዥነት ወደ አማካሪነት ወረዱ። በ1975 ውሉም አለቀ።

25 ዓመት ለ«ጊዜያዊ» በጣም አልረዘመም ወይ? ረዝሟል። ቶሎ መሆን ይችል ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር አልጣላውም። ግን መጨረሻ ነበረው። ወደ መጨረሻው የሚወስድ ደረጃም ነበረው።

ደረጃ የሌለው ውል ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኋላ እንሂድ። ባንክ ኦፍ አቢሲኒያ በ1905 በተፈረመ ውል የተቋቋመ ነው (የዛሬውን የግል ባንክ አይደለም የምለው፣ የምኒልክን ዘመኑን ነው)። መብቱ ለ50 ዓመት ነው፣ ባንክ የመሆን መብት ደግሞ ለብቻው ነው። አስተዳደሩ በእንግሊዞች ሥር በነበረው በግብፅ ናሽናል ባንክ እጅ ነበር። በ1906 አጼ ምኒልክ መርቀው ከፈቱት። እዚያ ግን የተዋስነው ሥራ አስኪያጅ ብቻ አልነበረም፤ ቤቱም የእነሱ ነበር። የአገሪቱ ባንክ የአገሪቱ እንዲሆን ሲፈለግ መውጫው አንድ ብቻ ሆነ። በ1931 ካሳ ተከፍሎ ተዘጋና በምትኩ ባንክ ኦፍ ኢትዮጵያ ተቋቋመ። ሁለቱም ጋ ፈረንጅ ነበር። ልዩነቱ ያለው ውሉ ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም በሌላው ታሪክ ብቻ ማውራት ይቀላል።

ከዓመታት በፊት የአንድ የግል ትምህርት ቤት ቦርድ አባል ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ በድንገት ለቀቁ። እኛ ቦርዶቹ ማታ ተሰብስበን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምክትሏን «ተጠባባቂ» አልናት። «ለሦስት ወር ነው፣ አይዞሽ» ብለን። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር! መምህር ለመቅጠር እኛን ትጠይቃለች፣ እኛ አንሰበሰብም። ደመወዝ ልታስተካክል ትፈልጋለች፣ «ዋናው ሲመጣ» እንላታለን። መምህራኑም ገባቸው፤ ከእሷ ጋር የተስማሙት ነገር ነገ የሚፈርስ መሰላቸውና ጥሩ ጥሩዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። በመጨረሻ እሷም ሄደች። ስትሰናበተኝ ምንም ክፉ አልተናገረችም። «ጋሼ፣ ቁልፉን ሰጣችሁኝ፣ በሩን ግን አልሰጣችሁኝም» ብቻ አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። የእኛ ነበር፣ የእኔም ጭምር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ያኔ ያልገባኝን ዛሬ እንዲህ እለዋለሁ። «ተጠባባቂ» ወንበር ይጠብቃል። «ጊዜያዊ ሥራ አስኪያጅ» ሥራ ይሠራል። ተጠባባቂ የሚሾመው ሰው ስለጎደለ ነው። ጊዜያዊ የሚመጣው ቤቱ ውስጥ የሌለ ችሎታ ስላስፈለገና ነገሩ ስለማይጠብቅ ነው። ለአጭር ጊዜ፣ የሚመለሰው ሰው ከታወቀ፣ ለምሳሌ በወሊድ ፈቃድ ለወጣች ኃላፊ፣ ተጠባባቂ ይበቃል። የሚመለስ ሰው ከሌለና ቤቱ እየነደደ ከሆነ ግን አይበቃም።

ታዲያ አንድ ድርጅት መቼ ነው ከውጭ ጊዜያዊ መሪ የሚያመጣው? ለልጅቷ አራት ጥያቄ ጻፍኩላት። የጎደለው ችሎታ ቤት ውስጥ በእውነት የለም ወይ? ባለቤቶቹ ማን እንደሆኑና ማን እንደሚያዘው ተስማምታችኋል ወይ? ከሥሩ ሆኖ የሚማርና የሚረከብ ሰው በስም ታውቋል ወይ? የሚሄድበት ቀን ተጽፏል ወይ? ለአራቱም መልስ ካለ አምጡት። ሁለተኛው ላይ መልስ ከሌለ ግን ማንንም አታምጡ። የወንድማማቾች ጠብ ውስጥ የገባ ቅጥረኛ ወይ የአንዱ ወገን ይሆናል፣ ወይ በሦስት ወር ይሸሻል። ጊዜያዊ ሥራ አስኪያጅ ሽማግሌ አይደለም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የውጭ ሰው መጥቶ ቤቱን አስተካክሎ ሲሄድ እውቀቱንም ይዞ ከሄደ በዓመቱ ሌላ መቅጠር ነው። አየር መንገዱን ያዳነው ይሄ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን ድርጅቱ ሲንገዳገድ እንደገና ውጭ መሄድ አላስፈለገም። በ1980 ካፒቴን መሐመድ አህመድ ተሾሙ፤ በ1984 አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ አንድም ቦታ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። በተውሶ ሰው የተጀመረ ቤት በራሱ ልጆች እጅ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ደወልኩላት። «ጋሼ፣ ወንድሞቼ በአባታችን ወንበር ባዕድ አይቀመጥም እያሉ ነው» አለች። የፈራሁትም ይሄንኑ ነበር። «ባዕድ የሚያስፈራው ባለቤቱ ካልታወቀ ነው» አልኳት። «መጀመሪያ ጠበቃ ይዛችሁ በአባታችሁ ስም የመፈረሙን ሥልጣን በፍርድ ቤት በኩል አስተካክሉ። ከዚያ ማተሚያ ቤት መርቶ የሚያውቅ ሰው ለስድስት ወር አምጡ። ምን እንደሚፈርምና ምን እንደማይነካ በአንድ ገጽ ጻፉለት። ማሽን አይሸጥም፣ ያለ እናንተ አይበደርም። ቀሪውን ግን ልቀቁለት፣ በየቀኑ አትጥሩት። ታናሽ ወንድምሽ ማሽኑን የሚወድ ከሆነ ከጎኑ ይቀመጥ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ታላቁስ?» አለችኝ።

«ታላቁ ቦርድ ይሁን። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ባለቤትነት ነው» አልኳት። ይቀበል አይቀበል አላውቅም። እሁድ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። እናንተም በጸሎታችሁ አስቧቸው፤ ከአርባ በላይ ሠራተኛ ደመወዝ እዚያ ቤት ላይ ተንጠልጥሏል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መምህራችን የነበረው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ዛሬ የለም። በ2001 ከስሮ ለሌላ የአሜሪካ አየር መንገድ ተሸጠና ስሙ ከሰማይ ጠፋ። የተማሪው አውሮፕላን ግን ዛሬም በጣሪያችሁ ላይ ያልፋል። ድምፁን ስትሰሙ ወንበሩን በጊዜ ያስረከቡትንም፣ ለመረከብ የተዘጋጁትንም አስታውሱ።

እዚህ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ የቤተሰብ ድርጅት የምትመሩ፣ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እስቲ ከታች ጻፉ። ልጅቷ ታነባለች። ሰላም ዋሉ።